የእጅ ባትሪና ድንጋዩ፦ ብሩህ ኤልኢዲና ዳግም የሚሞላ ድንጋይ እንዴት ይመረጣሉ?

በአማርኛችን «ባትሪ» ስንል ብዙውን ጊዜ የእጅ መብራቱን፣ «ድንጋይ» ስንል ደግሞ በውስጡ የሚገባውን የኃይል ምንጭ ማለታችን ነው። ዛሬ አምፖሉም ድንጋዩም ተለውጠዋል። ሆኖም በገበያ ላይ ምርጫው በበዛ ቁጥር በማሸጊያው ላይ የሚጻፈው ሐሰትም አብሮ በዝቷል።

ጉዳዩ ቀላል የሸቀጥ ምርጫ ብቻ አይደለም። ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ወደ ደባርቅ፣ ከዚያም ወደ ስሜን ተራሮች ለሚወጣ ሰው የኤሌክትሪክ መስመር የማይደርስባቸው መንደሮች ጥቂት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ የተመሠረተው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች እየላከ የማስተማር የቆየ ልማድ አለው። ምጥ ቀንና ሌሊት አይመርጥም። አዋላጇ በእጇ የያዘችው ባትሪ በእኩለ ሌሊት ቢደክም ጉዳቱ የሚደርሰው በእናቲቱና በሕፃኑ ላይ ነው። ስለሆነም ከዚህ በታች «ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚዘልቅ የእጅ ባትሪ የትኛው ነው?» የሚለውን ጥያቄ በስሌት እንመልሳለን።

1. ኤልኢዲ ምንድን ነው?

ክር ያለው አምፖል ብርሃን የሚሰጠው ክሩ እስኪግል ድረስ በመሞቁ ነው፤ በመሆኑም አብዛኛው ኃይል ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ኤልኢዲ ግን ብርሃን አመንጪ ዳዮድ ነው። በውስጡ ኤሌክትሮኖች ከከፍተኛ የኃይል ደረጃ ወደ ዝቅተኛው ሲወርዱ ልዩነቱን በብርሃን መልክ ይለቅቃሉ። ኒክ ሆሎኒያክ እ.ኤ.አ. በ1962 ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ዳዮድ ሠርቶ አሳየ። ሰማያዊው ግን ሳይንቲስቶችን ለብዙ ዓመታት አድክሟል፤ ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ ብሩህ ሰማያዊ ኤልኢዲ በመሥራታቸው እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ነጭ የምንለው የባትሪ ብርሃን በአብዛኛው ሰማያዊ ኤልኢዲ ሲሆን፣ በላዩ የተቀባው ፎስፈር ከፊሉን ወደ ቢጫ ስለሚለውጠው ሁለቱ ተደባልቀው ለዓይናችን ነጭ ይመስላሉ።

2. ሉመን፣ ርቀትና ቀለም

ሉመን ከመብራቱ በሁሉም አቅጣጫ የሚወጣው ጠቅላላ ብርሃን መለኪያ ነው። ሉክስ ደግሞ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ስንት ሉመን እንዳረፈ ይገልጻል። ጨረሩ እየሰፋ ስለሚሄድ ርቀቱ በእጥፍ ሲያድግ በአንድ ስፍራ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። በመሆኑም በገደል ዳር መንገድ የሚሄድ መንገደኛ ጨረሩ የተሰበሰበ ባትሪ ያስፈልገዋል፤ ለሚያነብ ተማሪና ለአዋላጅ ግን ሰፊና ለስላሳ ብርሃን ይሻላል። ለቅርብ ሥራ 50 ሉመን ያህል ይበቃል። ዓይናችን የብርሃንን ጭማሪ በእኩል መጠን ስለማይመዝን፣ ሉመኑ በእጥፍ ሲጨምር የድንጋዩ ዕድሜ በግማሽ ያጥራል እንጂ ብርሃኑ እጥፍ ሆኖ አይታየንም።

ብዙዎች የሚዘነጉት የቀለምን ጉዳይ ነው። ርካሽ ኤልኢዲ ሰማያዊ የበዛበትና ጥልቅ ቀይ የጎደለው ብርሃን ይሰጣል። በእንዲህ ያለ ብርሃን የደምን መልክ ወይም የአራስ ሕፃንን የቆዳ ቢጫነት በትክክል መለየት ያስቸግራል። ለጤና ሥራ የሚገዛ ባትሪ የቀለም ገላጭነቱ ከ100 ውስጥ 90 ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል።

3. ድንጋዩ

ዳግም የሚሞሉ ድንጋዮች በዋናነት ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ሲሆን ቮልቴጁ 1.2 ነው። «ከ1.5 ስለሚያንስ ደካማ ነው» የሚለው አስተያየት ስሕተት አለበት። አልካላይን ድንጋይ ከ1.5 ቮልት ቢጀምርም በሥራ ላይ ሳለ ቶሎ ቶሎ ይወርዳል፤ ኒኬሉ ግን ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ በ1.2 አካባቢ ይጸናል። እርግጥ ነው፣ ነጭ ኤልኢዲ ለመብራት 3 ቮልት ያህል ስለሚፈልግ፣ የኃይል መቆጣጠሪያ ሰርኪዩት በሌለው ርካሽ ባትሪ ውስጥ ኒኬል ድንጋይ ደብዘዝ ሊል ይችላል። ጥሩ ባትሪ ቮልቴጁን አሳድጎ ከረንቱን የሚያረጋጋ ሰርኪዩት አለው። ተሞልተው ለወራት ኃይላቸውን የሚይዙ የኒኬል ድንጋዮች እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በገበያ ላይ ስለሚገኙ፣ ለመጠባበቂያ የሚቀመጠው ከእነዚህ ቢሆን መልካም ነው።

ሁለተኛው ሊቲየም አዮን ነው። በባትሪ ውስጥ የተለመደው 18650 የሚባለው ሲሆን፣ ስሙ ውፍረቱ 18፣ ቁመቱ 65 ሚሊ ሜትር መሆኑን ያመለክታል። አማካይ ቮልቴጁ 3.6 ወይም 3.7፣ ሙሉ ሲሆን 4.2 ነው። ጥሩዎቹ ከ2500 እስከ 3500 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይይዛሉ። «9900» የሚል ጽሑፍ የያዘ 18650 ቢገኝ ቁጥሩ ሐሰት ነው። ሚዛንም ይመሰክራል፤ እውነተኛው በአብዛኛው 45 ግራም ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሲመዝን ሐሰተኛው ብዙውን ጊዜ ቀሎ ይገኛል።

4. ስሌቱ

የኃይል ክምችት = ቮልት × አምፔር ሰዓት። ኤልኢዲው በአንድ ዋት 100 ሉመን ይሰጣል ብንል፣ 50 ሉመን ለማግኘት 0.5 ዋት ያስፈልጋል። የሰርኪዩቱን ብቃት 85 በመቶ እናድርገው።

ሀ) ሁለት ኤኤ የኒኬል ድንጋዮች፣ እያንዳንዳቸው 2000 ሚሊ አምፔር ሰዓት፦ 2 × 1.2 × 2 = 4.8 ዋት ሰዓት። 4.8 × 0.85 ÷ 0.5 = 8 ሰዓት ያህል።

ለ) አንድ 18650፣ 3000 ሚሊ አምፔር ሰዓት፦ 3.6 × 3 = 10.8 ዋት ሰዓት። 10.8 × 0.85 ÷ 0.5 = 18 ሰዓት ያህል።

ሐ) በዋት 10 ሉመን ብቻ የሚሰጥ ባለ ክር አምፖል ለዚሁ ብርሃን 5 ዋት ይፈልጋል፤ በ«ሀ» ድንጋዮች አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

እንግዲህ አሥራ ሁለቱን የሌሊት ሰዓታት አንድ ጥሩ 18650 ብቻውን ይዘልቃል። በኒኬል የሚሠራ ግን ሁለት ጥንድ መያዝ ይኖርበታል።

5. ብርድና ጥንቃቄ

የአየሩ ሙቀት በየ1000 ሜትር ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሲየስ ይቀንሳል። በስሜን ከፍታዎች ላይ በደረቁ ወራት ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። በብርድ ጊዜ በድንጋዩ ውስጥ ያለው ኬሚካዊ ሂደት ስለሚዘገይ የምናገኘው ኃይል ከስሌቱ ያንሳል። መጠባበቂያውን በጋቢ ሥር፣ ከሰውነት አስጠግቶ መያዝ ይረዳል። ሊቲየም አዮንን ከዜሮ ዲግሪ በታች መሙላት ግን በውስጡ የሊቲየም ብረት እንዲጋገር ስለሚያደርግ ፈጽሞ አይገባም፤ አስቀድሞ ለብ ማለት አለበት።

ከዚህም በተጨማሪ ሊቲየም ለራሱ በተሠራ ቻርጀር ብቻ ይሞላ፤ ያበጠ ወይም ሽፋኑ የተላጠ ድንጋይ አይሠራበት፤ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር በአንድ ኪስ አይቀመጥ። አሮጌና አዲስ ድንጋይ በአንድ ባትሪ ውስጥ አይቀላቀሉ። ያለቀው ድንጋይ በእሳት ውስጥ አይጣል፤ ለልጆችም መጫወቻ አይሰጥ።

6. ለተማሪዎች የቀረበ ሙከራ

በአንድ መልቲሜትር የማሸጊያውን ቃል መመርመር ይቻላል። የተሞላውን ድንጋይ ከባትሪው ጋር አገናኝቶ የሚፈስሰውን ከረንት መለካት፣ ከዚያም ብርሃኑ እስኪደክም በየሩብ ሰዓቱ መመዝገብ ነው። ለምሳሌ በአማካይ 0.5 አምፔር ለ2 ሰዓት ከፈሰሰ፣ የተገኘው 1000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ብቻ ነው። የሊቲየም ድንጋይ ከ2.5 ቮልት በታች እንዳይወርድ ሙከራው 3 ቮልት ላይ ሲደርስ ይቁም።

ለማጠቃለል፣ ባትሪ ሲመረጥ ሊጠየቅ የሚገባው «ስንት ሉመን ነው?» ብቻ ሳይሆን «ስንት ሉመን፣ ለስንት ሰዓት፣ በምን ቀለም?» መሆን አለበት። ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ የሚወጣ ተማሪ ድንጋዩን ከመንገዱ በፊት አንድ ሌሊት ሙሉ አብርቶ ቢፈትነው፣ ድክመቱን የሚያውቀው በራሱ መኝታ ክፍል እንጂ በምጥ አልጋ አጠገብ አይሆንም።