የሶላት ሰዓት አፕ ለምትሠሩ፦ ኮዳችሁን በባሌ ሰማይ ሥር ፈትኑት



የሞባይል አፕ መሥራት የሚጀምር ሙስሊም ተማሪ ቶሎ የሚያስበው ሥራ የሶላት ሰዓት አፕ ነው። ሒሳቡ ለኢንጂነሪንግ ተማሪ አይከብድም፤ ከፀሐይ አቀማመጥ ስለሚሰላም ኢንተርኔት አይፈልግም። ነገር ግን ጌም ቢሳሳት ተጫዋቹ ይስቅበታል፤ የሶላት አፕ ቢሳሳት ግን ሰው አምኖት ይሰግዳል፣ አምኖት ያፈጥራል። ሶላት ጊዜው የተወሰነ ግዴታ መሆኑን ከሱረቱ አን-ኒሳእ (103) ተምረናል። ወቅቱ ሳይገባ የተሰገደ ፈርድ ደግሞ ከጫንቃ አይወርድም። ስለዚህ ይህ ኮድ አማና ነው።

ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከቀመሩ አይመጣም። ከሌላ አገር የተቀዳ ኮድ የዚያን አገር ሰማይ ይዞ ስለሚመጣ ነው። ከዚህ በታች ሮቤ፣ ጎባና ሶፍ ዑመር ላይ ልዩነት የሚያመጡ ነጥቦችን እናያለን። ሰዓቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

1. ዙህር፦ የአዲስ አበባን ሰዓት አትቅዱ

የአገራችን ሰዓት የተቃኘው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው። ከዚያ ወደ ምዕራብ በአንድ ዲግሪ በራቅን ቁጥር ፀሐይ 4 ደቂቃ ዘግይታ አናት ላይ ትደርሳለች።

ቀትር = 6:00 + (45 − ኬንትሮስ) × 4 ደቂቃ − የቀኑ ማካካሻ

ሮቤ በ40.0 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ማካካሻው ሳይታሰብ 6:20 ይሆናል። አዲስ አበባ (38.75) 6:25፣ ሶፍ ዑመር (40.85) ደግሞ 6:17 ገደማ ነው። ማካካሻው የሚመጣው ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት መንገድ ፍጹም ክብ ባለመሆኑና በማዘንበሏ ነው። በየካቲት መጀመሪያ −14 ደቂቃ ገደማ፣ በጥቅምት መጨረሻ +16 ደቂቃ ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ የሮቤ ቀትር በዓመት ውስጥ ከ6:04 እስከ 6:34 ይመላለሳል። ዙህር የሚገባው ፀሐይ ከአናት ዘንበል ስትል ስለሆነ አንድ ሁለት ደቂቃ ጨምሩ።

አምስት ደቂቃ ትንሽ ይመስላል። በረመዳን ግን የሮቤ ፈጅር ከአዲስ አበባ ስለሚቀድም፣ በአዲስ አበባ ሰሌዳ ሱሑር የሚበላ ሰው ጎህ ከቀደደ በኋላ ሊበላ ይችላል።

2. ዐስር፦ አንዲት ምልክት፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ስሕተት

በሻፊዒይ መዝሀብ ዐስር የሚገባው የአንድ ነገር ጥላ በቀትር ከነበረው ጥላ ላይ የራሱን ቁመት ያህል ሲጨምር ነው። በሐነፊይ የቁመቱን ሁለት እጥፍ ነው፤ ምርጫውን በሴቲንግ ውስጥ አስቀምጡ። ዲክሊኔሽን ማለት ፀሐይ በዚያ ቀን ከምድር ወገብ ስንት ዲግሪ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ እንደሆነች ነው።

ልዩነት = ፍጹም ዋጋ(ኬክሮስ − ዲክሊኔሽን)
ጥላ = 1 + ታንጀንት(ልዩነት)
የፀሐይ ከፍታ = አርክታንጀንት(1 ÷ ጥላ)

ከ23.5 ዲግሪ ሰሜን በላይ ባሉ አገሮች ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ ልዩነቱ አሉታዊ አይሆንም፤ ፍጹም ዋጋ ባይጻፍም ኮዱ በትክክል ይሠራል። ሮቤ ግን በ7.1 ዲግሪ ላይ ናት። ከመጋቢት 30 ገደማ እስከ ነሐሴ 29 ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜናችን ታልፋለች፤ ጥላችንም ወደ ደቡብ ይወድቃል። በእነዚህ አምስት ወራት ፍጹም ዋጋ የሌለው ኮድ ጥላውን መደመር ሲገባው ይቀንሳል። ሰኔ 14 ቀን የሮቤ ትክክለኛ ዐስር 9:49 ገደማ ነው፤ የተሳሳተው ኮድ 8:32 ገደማ ይላል። በጥር የተፈተነ አፕ ይህን ስሕተት አያሳይም፤ ስለዚህ በሰኔም በታኅሣሥም ቀን ፈትኑ።

በኮትሊንም ሆነ በዳርት ታንጀንትና ሳይን የሚቀበሉት ራዲያን እንጂ ዲግሪ አለመሆኑንም አትርሱ።

3. መግሪብ፦ ከፍታን በጭፍን አታስገቡ

ጀምበር ጠለቀች የሚባለው የፀሐይ መሐል ከአድማስ በታች 0.833 ዲግሪ ሲሆን ነው። አንዳንድ ኮድ በዚህ ላይ 0.0347 × የከፍታ ስኩዌር ሩት ይጨምራል። የሮቤን ከፍታ 2,490 ሜትር ብላችሁ ብታስገቡ መግሪብ 7 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ያ ቀመር የሚያስፈልገው ግን በዙሪያችን ከሚታየው አድማስ ምን ያህል ከፍ እንዳልን ነው፤ ከባሕር ወለል ምን ያህል ከፍ እንዳልን አይደለም። ሮቤ ሰፊ ሜዳ ላይ ስለሆነች ከፍታውን ዜሮ ማድረግ ይቀርባል።

ለፈጅር የሙስሊም ወርልድ ሊግ ስሌት 18 ዲግሪ፣ የግብፅ 19.5 ዲግሪ ይጠቀማል። ልዩነቱ 6 ደቂቃ ያህል ነው። የትኛው ይሁን የሚለው የፕሮግራመር ውሳኔ አይደለም፤ የአካባቢያችሁን ዑለማእ ጠይቁ።

4. ቂብላ፦ እኛ ዘንድ ሰሜን ነው

Δ = 39.83 − ኬንትሮስ
አቅጣጫ = አታን2(ሳይን Δ፣ ኮሳይን(ኬክሮስ) × ታንጀንት(21.42) − ሳይን(ኬክሮስ) × ኮሳይን Δ)

መካ ከእኛ በቀጥታ ወደ ሰሜን ናት ማለት ይቻላል። ሮቤና ጎባ ላይ ውጤቱ ከ1 ዲግሪ ባነሰ ወደ ምዕራብ ያዘነብላል፤ ሶፍ ዑመር ላይ ወደ 4 ዲግሪ ምዕራብ፣ አዲስ አበባ ላይ ወደ 5 ዲግሪ ምሥራቅ ነው። አፓችሁ ሮቤ ላይ ሌላ አቅጣጫ ካሳየ የመደመርና የመቀነስ ምልክቶችን መርምሩ። የስልክ ኮምፓስ የሚያሳየው የማግኔት ሰሜን ስለሆነም አንድሮይድ ውስጥ ባለው ጂኦማግኔቲክ ፊልድ አስተካክሉት።

5. ሰዓትና ቀን

ሰዓቱን በዓለም አቀፍ አቆጣጠር አስቀምጡ፤ ወደ እኛ የምትቀይሩት ስክሪን ላይ ስታሳዩ ብቻ ይሁን።

የእኛ = (ሰዓት + 6) ለ12 ሲካፈል የሚተርፈው
የእኛ = 0 ከሆነ 12 ጻፍ

የኢትዮጵያ ቀን መቁጠሪያ ከአንድሮይድ 7 ጀምሮ ከሲስተሙ ጋር ይመጣል፤ መስከረም 1 መቼ እንደሚውል በእጅ አትቁጠሩ። የሂጅራ ቀን ግን የሚለወጠው በመግሪብ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ የሚለውጥ አፕ በመጀመሪያው የተራዊሕ ሌሊት ገና ሻዕባን ነው ይላል። የተዘጋጀው ስሌት የኡሙል ቁራን ሰሌዳ ስለሚከተልም፣ ጨረቃ በመታየቷ ለሚመጣ ልዩነት አንድ ቀን መጨመሪያና መቀነሻ አበጁ።

6. ማንቂያና የሰው ምስጢር

ስልክ ጠፍቶ ሲበራ አንድሮይድ የተያዙ ማንቂያዎችን ይሰርዛል። ስለዚህ ስልኩ ሲነሳ አፑ መልእክት ተቀብሎ የአዛኑን ማንቂያ እንደገና እንዲይዝ አድርጉ። ሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ የጂፒኤስ ምልክት አይገባም፤ አፑ የመጨረሻውን ቦታ አስታውሶ ይሥራ እንጂ ባዶ ስክሪን አያሳይ።

ግምታዊ ቦታ ብቻ ጠይቁ። ሁለት ኪሎ ሜትር መሳሳት ቀትርን ቢበዛ በ5 ሰከንድ ያህል ብቻ ይለውጣል፤ ቦታውም ከስልኩ አይውጣ። በ2020 እ.ኤ.አ. ማዘርቦርድ የተባለው የዜና አውታር ሙስሊም ፕሮ የተሰኘው የሶላት አፕ የተጠቃሚዎቹን የቦታ መረጃ ኤክስ-ሞድ ለተባለ መረጃ ነጋዴ ይሰጥ እንደነበር ዘግቧል፤ ኩባንያውም ግንኙነቱን ማቋረጡን አስታውቋል። ሰው ለሶላት ብሎ የሰጠን መረጃ ለገበያ የሚወጣ አይደለም።

መፈተኛው

በ14ኛው ክፍለ ዘመን የደማስቆው ኢብኑ ሻጢር በኡመያድ መስጂድ የሶላት ሰዓት ጠባቂ፣ ማለትም ሙወቂት፣ ነበር፤ ለመስጂዱም የፀሐይ ሰዓት ሠርቷል። እኛም አንድ ሜትር ዱላ አያጣንም። ፀሐያማ በሆነ ቀን ደልዳላ ቦታ ላይ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉት። ጥላው በጣም ያጠረበትን ሰዓትና ርዝመቱን ጻፉ፤ በዚያ ላይ አንድ ሜትር ሲጨምር ሰዓቱን እንደገና ጻፉ። ሰኔ 14 አካባቢ ሮቤ ላይ የቀትሩ ጥላ ወደ ደቡብ 29 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ የዐስሩ 129 ገደማ መሆን አለበት። አፑ ከዱላው ጋር ከሁለት ሦስት ደቂቃ በላይ ከተለያየ፣ ስሕተቱ ተገኝቶ እስኪታረም ድረስ ለማንም አትላኩት።

ወላሁ አዕለም።