የመተንፈሻ ቱቦ ሲገባ የሚከሰተውን የልብ ምት መጨመር መግታት፦ የቅድመ መድኃኒት ምርጫና የሚሰጥበት ጊዜ

መግቢያ

በሙሉ ማደንዘዣ በሚከናወን ቀዶ ሕክምና የመተንፈሻ ቱቦ ማስገባት የተለመደ ተግባር ነው። ላሪንጎስኮፑ የምላስን ሥርና የጉሮሮን አካባቢ ሲጫን፣ ቱቦውም በድምፅ አውታሮች መካከል ሲያልፍ፣ ሲምፓቴቲክ የተባለው የነርቭ ሥርዓት ይነቃቃል፤ አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን ወደ ደም ይለቀቃሉ። የልብ ምትና የደም ግፊት በሴኮንዶች ውስጥ መጨመር ጀምረው ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ባለው ጊዜ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳሉ፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥም ይረግባሉ። ጤነኛ ወጣት ይህን ያለ ጉዳት ይቋቋመዋል። የልብ ደም ቧንቧ ጥበት ወይም ከፍተኛ የደም ግፊት ያለበት ታካሚ ግን በእነዚህ ጥቂት ደቂቃዎች ለልብ ጡንቻ ጉዳት ወይም ለአንጎል ደም መፍሰስ ሊጋለጥ ይችላል።

የጊዜው ጉዳይ

ውይይቱ አብዛኛውን ጊዜ የትኛው መድኃኒት ይሻላል በሚለው ላይ ያተኩራል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ መድኃኒቱ መቼ ይሰጥ የሚለውም እኩል ክብደት ይገባዋል የሚል ነው። ታም፣ ቹንግና ካምቤል እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት፣ በኪሎግራም 1.5 ሚሊግራም ሊዶኬይን በተለያየ የጊዜ ርቀት በደም ሥር ተሰጥቶ ሲነጻጸር፣ ጉልህ መከላከያ የታየው ቱቦው ከመግባቱ 3 ደቂቃ አስቀድሞ ሲሰጥ ነበር። ፈንታኒልም ሙሉ ኃይሉን የሚያገኘው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቆይቶ ነው። ኤስሞሎል በአንጻሩ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ውስጥ ይሠራል፤ ግማሽ ዕድሜው 9 ደቂቃ ያህል በመሆኑም ፈጥኖ ይለቃል።

ስለዚህ ፈንታኒል ከማስተኛው መድኃኒት ጋር በአንድነት ተሰጥቶ ቱቦው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ቢገባ ጉዳቱ ሁለት ነው። ማነቃቂያው በቂ መከላከያ ሳያገኝ ያልፋል፤ መድኃኒቱ ሙሉ ኃይሉን ሲያገኝ ደግሞ የሚገታው ማነቃቂያ ስለማይኖር የደም ግፊት ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል።

በተግባር

አማራጭ መድኃኒቶች ውስን በሆኑበት የቀዶ ሕክምና ክፍል ሊዶኬይን ጠቃሚ ምርጫ ነው። ባለ 2% ሊዶኬይን በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊግራም ስለሚይዝ፣ 60 ኪሎግራም ለሚመዝን ታካሚ የሚያስፈልገው 90 ሚሊግራም ወይም 4.5 ሚሊ ሊትር ነው። ለዚህ አገልግሎት አድሬናሊን የተቀላቀለበት ሊዶኬይን ፈጽሞ መሰጠት ስለሌለበት የጠርሙሱን ጽሑፍ ማንበብ ግዴታ ነው። ኬታሚን ራሱ የልብ ምትን እንደሚጨምርም መዘንጋት አይገባም። ከመድኃኒቱ ባሻገር፣ ላሪንጎስኮፒውን ከ15 ሴኮንድ ባልበለጠ ጊዜ ማጠናቀቅ ማነቃቂያውን ይቀንሳል።

ማጠቃለያ

ተመሳሳይ ርዕስ ለመረጡ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ጉዳዩ የጥናት ዘዴም ጥያቄ ነው። የሥራ መጀመሪያ ጊዜያቸው የተለያየ ሁለት መድኃኒቶችን በእኩል ደቂቃ ሰጥቶ ማነጻጸር የመድኃኒቱን ድክመት ከሰዓቱ ስሕተት ለመለየት አያስችልም። መድኃኒቱ የተሰጠበትና ቱቦው የገባበት ደቂቃ በማደንዘዣ መዝገቡ ላይ ቢሰፍር ታካሚውም ተመራማሪውም ይጠቀማሉ፤ ይህም የሚጠይቀው አንድ የግድግዳ ሰዓትና ትዕግሥት ብቻ ነው።