የተፈረደው ዓመትና የሚታሰረው ዓመት፦ በአመክሮ መፈታት በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ

ዳኛው በችሎት 12 ዓመት ፅኑ እስራት ሲፈርድ የሟች ቤተሰብ 12 ዓመት ይሰማል፤ የፍርደኛው ቤተሰብ ደግሞ 8 ዓመት ይቆጥራል። ሁለቱም ከአንድ ሕግ ተነሥተዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 202 ከቅጣቱ ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመ ታራሚ በአመክሮ ሊፈታ እንደሚችል ይደነግጋል። ዕድሜ ልክ ለተፈረደበት የተቀመጠው ጊዜ 20 ዓመት ነው።

በዚህ ስሌት ከፍተኛው የተወሰነ ቅጣት፣ ማለትም 25 ዓመት፣ ወደ 16 ዓመት ከ8 ወር ይወርዳል። በችሎት እጅግ የተራራቁ የሚመስሉት 25 ዓመትና ዕድሜ ልክ በአመክሮ በር ላይ ሲደርሱ ልዩነታቸው 3 ዓመት ከ4 ወር ብቻ ይሆናል። ፍርደኛው ከፍርዱ በፊት በማረፊያ ቤት የቆየበት ጊዜም ስለሚታሰብለት፣ ጉዳዩ 2 ዓመት የተጓተተበትና 12 ዓመት የተፈረደበት ሰው ከፍርዱ በኋላ 6 ዓመት ታስሮ ለአመክሮ ሊደርስ ይችላል።

ነገር ግን ሁለት ሦስተኛው የመፈቻ ቀን ተደርጎ መወሰዱ ስሕተት ነው። ሕጉ የሚለው ሊፈታ ይችላል እንጂ ይፈታል አይደለም። ጥያቄው በማረሚያ ቤቱ አስተዳደር ወይም በታራሚው በራሱ ይቀርባል፤ የሚወስነው ግን ፍርድ ቤት ነው። ፍርድ ቤቱም ታራሚው በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን፣ ከወጣ በኋላም በመልካም ጠባይ ይኖራል ተብሎ የሚገመት መሆኑን ይመረምራል።

ከመመዘኛዎቹ ሁሉ አከራካሪው የካሣው ነው። ታራሚው በፍርድ ቤት የተወሰነውን ወይም ከተበዳዩ ጋር የተስማማበትን ጉዳት ከእርሱ በሚጠበቀው መጠን መካስ አለበት። ይህ መስፈርት በቅጣት ክርክሩ ውስጥ ድምፁ የሚጠፋውን ተበዳይ መልሶ ወደ ጉዳዩ ያስገባዋል፤ ስለዚህም ሊነካ የሚገባው አይደለም። ሆኖም መጠኑ በአቅም ካልተለካ፣ ሀብት ያለው ቶሎ የሚወጣበት፣ የሌለው ግን የቀረውን አንድ ሦስተኛ ስለ ድህነቱ የሚታሰርበት መንገድ ይሆናል። የሕጉ አገላለጽ አቅምን ያገናዘበ ስለሆነ፣ ዳኛው ያልተከፈለውን ገንዘብ ከማየቱ በፊት ታራሚው ምን ነበረው ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

አመክሮ ከይቅርታም ከምሕረትም ይለያል፤ በዕለት ንግግር ሦስቱ ሲደበላለቁ ይሰማል። ይቅርታ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 71 መሠረት በፕሬዚዳንቱ የሚሰጥ ሲሆን፣ ምሕረት በ2010 ዓ.ም. እንደወጣው አዋጅ በሕግ አውጪው ይደነገጋል። በአመክሮ የወጣ ሰው ግን ፍርዱ አልተነሣለትም፤ የተጣለበትን ግዴታ ከጣሰ ፍርድ ቤቱ የቀረውን ጊዜ እንዲፈጽም ወደ ማረሚያ ቤት ሊመልሰው ይችላል። ከ12ቱ ዓመት ውስጥ 4ቱ በውጭ አብረውት ይኖራሉ።