በኦንላይን ለመነገድ ከመወሰንዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ወዳጅዎ በስልኩ ላይ አረንጓዴ የትርፍ ቁጥር አሳይቶዎት አካውንት ለመክፈት ልብዎ ከተነሳሳ፣ ገንዘብ ከማስገባትዎ በፊት የሚከተለውን ያጣሩ።

መጀመሪያ ፈቃዱን ይመልከቱ። የኔዘርላንድስ የፋይናንስ ገበያዎች ተቆጣጣሪ ኤኤፍኤም ያለው አምስተርዳም ነው፤ ፈቃድ ያላቸውን ድርጅቶች መዝገብ በድረ ገጹ ያወጣል። አጭበርባሪዎች የሕጋዊ ድርጅት ስም ስለሚዋሱ ስሙን ማግኘት ብቻ አይበቃም፤ የድረ ገጽ አድራሻውንም ያመሳክሩ። የቆጵሮስ ፈቃድ ያለው ድርጅት በአውሮፓ ኅብረት ሕግ እዚህ ኔዘርላንድስ መሥራት ይችላል፤ ቅሬታዎ ግን እዚያው ቆጵሮስ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ዘ ሄግ ያለው የፋይናንስ ቅሬታ ተቋም ኪፊድ ጉዳይዎን ይመለከት እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

የእኛን ሰው በተለይ የሚያስቸግረው ስም ነው። የቤተሰብ ስም ስለሌለን ፓስፖርቱ የአያትን ስም፣ ባንኩ የአባትን ስም በዚያ ቦታ ይዘው ሊገኙ ይችላሉ። «ፀሐይ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል አንዱ ሰነድ ላይ በአንድ ዓይነት፣ ሌላው ላይ በሌላ ዓይነት ይጻፋል። ደላላው፣ ማለትም የሚነግዱበት ድርጅት፣ ደግሞ ገንዘብዎን የሚመልሰው በራስዎ ስም ወዳለ የባንክ ሂሳብ ነው። ስለዚህ ቅጹን በመኖሪያ ፈቃድዎ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይሙሉ። የባለቤትዎን ወይም የወንድምዎን ሂሳብ አይጠቀሙ። ልዩነት ካለ ገንዘብ ሳያስገቡ ያስተካክሉት፤ ከገባ በኋላ ማስተካከሉ ብዙ ያመላልሳል።

መተግበሪያው ደርቆ ትዕዛዝዎ ካልታየ ደግመው አይጫኑ፤ ሁለቴ ሊገዛብዎ ይችላል። ሰዓቱ የሚታይበት ስክሪንሾት ያንሱ፣ የትዕዛዙን ቁጥር ይያዙ፣ ቅሬታዎንም በጽሑፍ ለድርጅቱ ይላኩ። ኪፊድም ቢሆን መጀመሪያ ድርጅቱን መጠየቅዎን ይፈልጋል። «ችግሩን ላስተካክልልዎ» ብሎ ደውሎ ስልክዎን ከርቀት የሚቆጣጠርበትን ኤኒዴስክ የተባለ መተግበሪያ እንዲጭኑ የሚጠይቅ ሰው ሌባ ነው፤ ስልኩን ይዝጉት። «ገንዘብዎን ለማውጣት መጀመሪያ ግብር ይክፈሉ» የሚልም እንደዚያው። በአይዲል የከፈሉትን ባንክዎ እንደ ካርድ ክፍያ ሊያስመልስልዎ አይችልም።

አሁን ወደ «ጎበዙ ትሬደር» እንምጣ። ንግዱን እንዲቀዱ የሚጋበዙት ሰው «ከአስር ዘጠኙን አሸንፋለሁ» ቢል ምንም አልነገረዎትም። ዘጠኝ ጊዜ አስር አስር ዩሮ አትርፎ በአስረኛው 200 ቢከስር፣ መጨረሻው 110 ዩሮ ኪሳራ ነው። ስለዚህ የአሸናፊነት መቶኛውን ትተው ትልቁን ኪሳራ ይፈልጉ፤ ካፒታሉ ከከፍተኛው ጣሪያ ስንት በመቶ ወርዶ ያውቃል? ግማሹን ያጣ ሰው ወደነበረበት ለመመለስ የቀረውን እጥፍ ማድረግ አለበት። ያልተዘጉ ንግዶቹንም ይክፈቱ። ብዙዎች የሚያተርፈውን ቶሎ ይዘጉና የሚከስረውን ክፍት ይተዋሉ፤ ገጹ ላይም ትርፍ ብቻ ይታያል። እ.ኤ.አ. እንደ 2022 ያለ ለገበያ ክፉ የሆነ ዓመት ያላለፈበትን ሰው ውጤት እኔ አላምነውም።

የአውሮፓ የገበያ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳስታወቀው፣ ሲኤፍዲ በሚባለው የብድር ንግድ ከተራ ደንበኞች አካውንት ከ74 እስከ 89 በመቶው ይከስራል። ሲኤፍዲ የሚያቀርብ ድርጅት የራሱን መቶኛ የመጻፍ ግዴታ ስላለበት ይፈልጉትና ያንብቡት።

በመጨረሻም፣ ፈቃድ ያለው የኔዘርላንድስ ድርጅት ቢወድቅና ንብረትዎን መመለስ ቢያቅተው፣ የባለሀብቶች የካሳ ሥርዓት እስከ 20,000 ዩሮ ይሸፍንልዎታል። በንግዱ የከሰሩትን ግን ማንም አይመልስልዎም፤ ለኪራይ ወይም አገር ቤት ለመላክ የያዙትን ገንዘብ አያስገቡበት።