ለሆድ ድርቀት የሚበጀው ምግብ

ጥያቄ፦ ለሆድ ድርቀት የሚሻለው ምግብ መቀነስ ነው ወይስ የምግቡን ዓይነት መለወጥ?

መልስ፦ የምግቡን ዓይነት መለወጥ ይሻላል። ምግብ ሲቀነስ ፋይበሩም አብሮ ስለሚቀንስ ድርቀቱ ሊብስ ይችላል። ፋይበር በትንሹ አንጀት ሳይፈጭ ያልፋል፤ ውሃ ይዞ ሰገራን ያለሰልሳል። በትልቁ አንጀት ደግሞ ባክቴሪያዎች አብላልተውት የአንጀትን ግድግዳ የሚመግብ ቡቲሬት የተባለ አሲድ ይሠራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ቢያንስ 25 ግራም ፋይበር ይመክራል። ጤፍ ሳይፈተግ ስለሚፈጭ እንጀራው ፋይበሩን አያጣም፤ ምስር ወጥ፣ ጎመንና የሽምብራ ንፍሮ ሲታከሉበት ገበታው ይሟላል። የነጭ ዳቦ ዱቄት ግን ፉርሽካው የወጣለት ነው። ፋይበር በአንዴ ሲበዛ ሆድ ስለሚነፋ፣ ቀስ በቀስ መጨመርና በቂ ውሃ መጠጣት ያስፈልጋል። ሰገራ ደም ከቀላቀለ ወይም ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ ሐኪም ማየት ግድ ነው።