ከኮምፒውተር ጋር ማደግና ዘግይቶ መማር

አሜሪካዊው ጸሐፊ ማርክ ፕሬንስኪ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው ጽሑፍ ሰዎችን በሁለት ከፍሏቸዋል። ከኮምፒውተር ጋር ያደጉትን የዲጂታሉ ዓለም «ተወላጆች»፣ በኋላ የተማሩትን ደግሞ «ስደተኞች» ብሏቸዋል። ስደተኛ አዲስ ቋንቋ ቢለምድም የድሮ ቃናው እንደማይለቀው ሁሉ፣ ዘግይቶ የተማረም ሰው ኢሜይሉን በወረቀት አትሞ ያነባል ይላል። በዚህ አጭር ጽሑፍ አከፋፈሉ ለእኛ ይሠራል ወይ የሚለውን እናያለን።

በመጀመሪያ፣ በእኛ ዘንድ ልዩነቱን የሚያመጣው ዕድሜ ብቻ አይደለም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት መረጃ የምትልከው እንጦጦ ላይ ወዳለው ጣቢያ ነበር። ከተራራው ግርጌ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ባሉት መንደሮች ግን ኮምፒውተር በሌለበት ቤት የሚያድግ ተማሪ አለ። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በኮምፒውተር ተሰጠ። ማውዝ መያዝ የሚያስጨንቀው ተማሪ ፊዚክሱን ቢያውቀውም ሰዓቱ ሊያልቅበት ይችላል። ይህ ልጅ ገና 18 ዓመቱ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ዘግይቶ የመጣ ነው።

ታዲያ በልጅነት መጀመር ምን ይጠቅማል? «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 በወንጪና በወለንጪቲ ላሉ ልጆች ያለ አስተማሪ ታብሌት ሰጥቶ ነበር። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት፣ ልጆቹ በ5 ወር ውስጥ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ሳይቀር ከፍተውታል። ልጅ የሚበልጠው በጭንቅላቱ ሳይሆን «ይበላሽብኛል» ብሎ ስለማይፈራና ለመነካካት ጊዜ ስላለው ይመስለኛል።

የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ግን ፋይል ቢጠፋበት ይጠየቃል፤ ልጁ በሚሆን ሰው ፊት አላውቅም ማለትም ያሳፍረዋል። በዚህ ላይ የፊደል ጣጣ አለ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም፣ በተለመደው አጻጻፍ «ሰላም» ለማለት የኤስ፣ የኤልና የኤም ቦታ መታወቅ አለበት። ስለዚህ ዘግይቶ የሚማር ሰው ማሽኑንም፣ የፊደሎቹን ቦታም፣ የእንግሊዝኛ ትእዛዞቹንም በአንድ ጊዜ ነው የሚማረው።

በሌላ በኩል፣ በስልክ ያደገ ሁሉ ኮምፒውተር ያውቃል ማለት አይደለም። ቴሌግራም ላይ እሳት የሆነ ልጅ የጻፈውን የት እንዳስቀመጠው ሲጠየቅ ግራ ሊገባው ይችላል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ግን ወረቀት በዓይነቱና በቁጥሩ ማስቀመጥን ኖራበታለች፤ «ፎልደር እኮ ማህደር ነው» ቢሏት ቶሎ ይገባታል።

ለማጠቃለል፣ ነገ አስተማሪ የምንሆን ሁሉ ከተማሪው ዕድሜ ሳይሆን ከሚያውቀው ነገር እንጀምር። «ቆይ እኔ ልሥራልህ» ብለን ማውዙን ከእጁ አንቀማ። የአማርኛ አጻጻፍ ከመጀመሪያው ሳምንት ይሰጥ። ከሁሉም በላይ ኮምፒውተር ቤቱ የሌለው ተማሪ ሳይፈራ የሚነካካበት ሰዓት ያግኝ፤ ፈተናው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መንካት የለበትም።