በወጥ ቤት ከኤሌክትሪክ አደጋ ስለ መጠበቅ

ኤሌክትሪክ ወደ ገጠር ሲገባ አስቀድሞ የሚመጣው መብራት ነው፤ ከዚያ በኋላ ምጣዱና የውሃ ማፍያው ይከተላሉ። አምፖል ከፍ ብሎ ስለሚሰቀል እጅ ዘወትር አይነካውም። ወጥ ቤት ግን ውሃና ብረት፥ እርጥብ እጅና ባዶ እግር የሚገናኙበት ስፍራ ስለ ሆነ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

ብዙ ሰው «በቆጣሪው አጠገብ ብሬከር አለና አያሰጋም» ይላል። ይህ አሳብ ትክክል አለመሆኑን ቍጥሩ ራሱ ያስረዳል። የአገራችን የቤት ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ሲሠራ በሽቦው 16 አምፔር ያህል ይፈሳል፤ ብሬከሩም ይህን ያህል እንዲያሳልፍ ሆኖ ይመረጣል። የሰው ሰውነት ግን እጅግ ያነሰውን እንኳ አይችልም። የአንድ አምፔር አንድ ሺኛው ክፍል ሚሊ አምፔር ይባላል። 10 ሚሊ አምፔር ያህል በእጅ ሲያልፍ ጡንቻው ይኰማተርና የያዘውን መልቀቅ ይሳነዋል። ከ30 ሚሊ አምፔር በላይ ሆኖ ቢቈይ እስትንፋስን ያግዳል፥ የልብንም ምት ሊያዛባ ይችላል። የረጠበ ሰውነት 1,000 ኦም ያህል ብቻ ቢከላከል 220 ሚሊ አምፔር ያልፍበታል። ይህ ሰውን ለመግደል ይበቃል፤ ለብሬከሩ ግን ከምንም አይቈጠርም።

እንግዲህ ፊውዝና ብሬከር ሽቦውን ከመጋል፥ ቤቱንም ከቃጠሎ ይጠብቃሉ። ሰውን የሚጠብቁት ሌሎች ሁለት ነገሮች ናቸው።

፩ኛ፤ የመሬት ሽቦ። ቀለሙ አረንጓዴና ቢጫ ሲሆን፥ የምጣዱን የብረት አካል ከመሬት ጋራ ያገናኛል። በውስጥ ያለው ሽቦ ተልጦ ብረቱን ቢነካ፥ ኤሌክትሪኩ በሰው ሳይሆን በዚህ ሽቦ ወደ መሬት ይሄዳል። ስለዚህ ይህን ሽቦ ቈርጦ መጣል ወይም ሳያገናኙ መተው ታላቅ ስሕተት ነው። ነገር ግን አፈሩ ደረቅ በሆነበት ስፍራ ብሬከሩን የሚያስቈርጥ ያህል ላይፈስ ስለሚችል፥ ሁለተኛው ጠባቂ ያስፈልጋል።

፪ኛ፤ የሾለከውን የሚያውቅ ማጥፊያ። እረኛ ጧት ያወጣቸውን በጎች ማታ ቈጥሮ እንደሚያስገባ፥ ይህም መሣሪያ የወጣውን ኤሌክትሪክ ከተመለሰው ጋራ ያስተያያል። 30 ሚሊ አምፔር ቢጐድል በሰው ወይም በብረት በኩል ሾልኳል ማለት ነውና፥ ከሰኮንድ ሢሶ ባነሰ ጊዜ ይቈርጠዋል። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ቻርልስ ዳልዚል እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1961 እንዲህ ያለውን መሣሪያ ፈለሰፉ። የዚያ አገር ደንብ በ1968 በመዋኛ ገንዳ ውስጥ ለሚተከሉ መብራቶች፥ በ1987 ደግሞ ለወጥ ቤት ሶኬቶች አስገባው። ምክንያቱ አንድ ነው፤ በሁለቱም ስፍራ ሰውና ውሃ ይገናኛሉና። ሆኖም አንድ ሰው ሁለቱን ሽቦዎች በሁለት እጁ ቢይዝ፥ የወጣው ሁሉ በእርሱ በኩል ስለሚመለስ መሣሪያው ላያውቀው ይችላል። ስለዚህ ጥንቃቄን አያስቀርም።

ምጣድ ሳይነቀል በእርጥብ ጨርቅ አይወልወል። ገመዱ የተላጠ እንደ ሆነ በላስቲክ ተጠቅልሎ አይሠራበት፤ ባለሙያ ይለውጠው።

ሰው በኤሌክትሪክ ቢያዝ በእጅ አይነካ፤ አስቀድሞ ብሬከሩ ይጥፋ። ማጥፋት ባይቻል በደረቅ ሳንቃ ላይ ቆሞ በደረቅ እንጨት ማላቀቅ ይገባል። ከምሰሶ የወደቀ ሽቦ ከሆነ ግን ፈጽሞ አይቀረብ። የተላቀቀው ሰው ራሱን ስቶ ባይተነፍስ፥ የደረቱን መካከል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ በብርታት መጫን፥ ወዲያውም ወደ ጤና ጣቢያ ሰው መላክ ያስፈልጋል።

መምህራን ይህን ለተማሪዎች፥ ሽማግሌዎችም በየመንደሩ እንዲያስረዱ ያስፈልጋል። ቤት የሚሠራ ሰው ለበርና ለመስኮት ገንዘብ ሲመድብ፥ ለነዚህ ለሁለቱ ጠባቂዎችም ይመድብ።

ጥያቄዎች
፩/ ብሬከር ብቻውን ሰውን የማያድነው ስለ ምንድን ነው?
፪/ የመሬት ሽቦ ሥራው ምንድን ነው?
፫/ በኤሌክትሪክ የተያዘን ሰው ለመርዳት በመጀመሪያ ምን ይደረጋል?